ናፒየር፦ የሒሳቡ፣ የመቅደላውና የሳሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

ጥያቄ

ይድረስ ለቲቸር፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐረር፣ ከሸዋ በር ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ኩርፍ ብሎ ገባ። ሎጋሪዝምን የፈጠረው ናፒየር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው ተብሎ ተምሮ ኖሯል። «መቅደላን ያቃጠለውን ሰውዬ ነው እንዴ የምንማረው?» ብሎ ደብተሩን ወረወረው። ቅዳሜ ዕለት ቁጢ አፍልተን ተቀምጠን ሳለ የባለቤቴ ወንድም ከሐረማያ መጣ። እሱ በሬ ያደልባል። ነገሩን ሲሰማ፣ «ኧረ አቦ፣ እኔም ጓሮ ናፒየር አለ! የግብርና ባለሙያው የሰጠኝ ሳር ስሙ ናፒየር ነው» አለ። ልጄ ይባስ ተናደደ። «በል ንቀለው» አለው አጎቱን። እኔም ግራ ገባኝ። ሦስቱ አንድ ሰው ናቸው? ካልሆኑስ ዘመዳሞች ናቸው? ልጁ በእልህ ሒሳቡን እርግፍ አድርጎ እንዳይተወው ፈርቻለሁ።

የልጅ እናት፣ ከሐረር

መልስ

እህቴ፣ ልጁ ዛሬ ማታውኑ ደብተሩን እንዲያነሳ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የሒሳቡ ናፒየር ጆን ይባላል። በ1550 ተወልዶ በ1617 ሞተ። የመቅደላው ሮበርት ነው፤ የተወለደው በ1810 ነው። የሳሩ ደግሞ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ቡላዋዮ ከተማ የነበረ አንድ ኮሎኔል ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።) መቅደላ ስትቃጠል ጆን ከሞተ 251 ዓመት ሆኖት ነበር።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደነገጥኩ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም ተጠይቄ ሳልመልስ ቀርቼ አውቃለሁና። ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ግንቦት ላይ፣ የከሰዓት ፈረቃ። ጠመኔው በላብ እጄ ላይ ይሟሟል። ሰሌዳው ላይ «ናፒየር» ብዬ ስጽፍ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ቴዎድሮስን የገደለው ነው?» አለኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። «ሊሆን ይችላል» ብዬ አለፍኩት። ልጁ መጽሐፉን ዘጋ። ደወል እስኪደወል ድረስ አልከፈተውም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እውነቱን ሳገኝ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስህተቴን አረምኩ። ያ ልጅ ግን በቦታው አልነበረም። ቤተሰቡ ጠቅልሎ ጅቡቲ ሄዷል ተባለ። ይህን መልስ ስጽፍ እሱንም እያሰብኩ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከስም አጠራሩ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል። የልጅ ልጅ ሲመጣ የአያት ስም ወደ ኋላ ይቀራል። በሦስት ትውልድ ስሙ ይለወጣል። ስኮትላንዶች ግን አንዱን የቤተሰብ ስም ይዘው ለስድስትና ለሰባት መቶ ዓመት ያወርዱታል። በእኛ ደንብ ቢጠሩ ኖሮ የሒሳቡ ሰው «ጆን አርቺባልድ» ይባል ነበር፤ አባቱ አርቺባልድ ነውና። የመቅደላው ደግሞ «ሮበርት ቻርልስ» ይሆን ነበር። ያኔ ልጅሽም አይናደድም፣ እኔም አላፍርም ነበር።

ዘመዳሞች ናቸው ወይ ላልሽው፣ በእኛው ሰባት ቤት እንቁጠረው። በሁለቱ ልደት መካከል 260 ዓመት አለ። አንዱን ትውልድ በ30 ዓመት ብናስበው ከ8 ቤት በላይ ይመጣል። ሽማግሌ ተቀምጦ ቢቆጥር «ተጋቡ፣ ዝምድና የላችሁም» የሚላቸው ናቸው።

ደግሞም ስሙ ሁልጊዜ ከደም ጋር አይሄድም። የጆን ልጅ አርቺባልድ በ1627 ሎርድ ተባለ። ቤቱም «ሎርድ ናፒየር» እየተባለ ቀጠለ። ከጊዜ በኋላ ወንድ ልጅ ጠፋና ማዕረጉ በሴቶቹ በኩል ወረደ። ስድስተኛው ሎርድ ናፒየር ሲወለድ ስሙ ፍራንሲስ ስኮት ነበር። ማዕረጉን ሲወርስ ነው ናፒየር የተባለው። እንግዲህ ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በአባት ቢቆጠር የስኮት ቤተሰብ ናቸው። ናፒየርነታቸው በእናት የመጣ ነው።

የስሙን ትርጉም ልጅሽ ይወደዋል ብዬ አስባለሁ። ቤተሰቡ ሲያወራው የኖረ አንድ ተረት አለ። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ በጦርነት ጀግንነት ሲሠራ ንጉሡ አይቶ በስኮቶች አነጋገር «ኔ ፒር» አለው ይባላል። «አቻ የለውም» ማለት ነው። ስሙም በዚያው ጸና ይላሉ። በእኛ አገር አቻምየለህ የሚባል ሰው ስንት አለ! ቃል በቃል ያው ነው። የስም አጥኚዎች ግን ሌላ ነገር ይላሉ። ቃሉ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በመኳንንት ቤት የገበታ ጨርቅ የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። እኛ ቤት አሳላፊ፣ አጋፋሪ እንደሚባለው የሥራ ስም ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው። የገበታ ጨርቅ ማጠፍ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ጆን ልምጣ። ስለ እሱ ብዙ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ሥራ ነውና።

ጆን ናፒየር የተወለደው ኤድንበራ አጠገብ፣ መርቺስተን በሚባል ግንብ ነው። አባቱ ያኔ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ጆን በ13 ዓመቱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የሒሳብ መምህር ሆኖ አያውቅም። ርስቱን የሚያስተዳድር ባላባት ነበር። በ1593 ስለ ዮሐንስ ራእይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በሕይወቱ ዘመን ይበልጥ የታወቀውም በዚያ ነበር። ሒሳቡን የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው።

አንድ ታሪክ ደግሞ ይወራለታል። ቤቱ ዕቃ ጠፋ። ሌባው ከአሽከሮቹ አንዱ ነው። ጆን አንድ ጥቁር አውራ ዶሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገባ። «ተራ በተራ ገብታችሁ ጀርባውን ዳብሱት። ሌባው ሲነካው ዶሮው ይጮሃል» አላቸው። ሁሉም ገብተው ወጡ። ዶሮው ግን አልጮኸም። ጆን እጃቸውን እንዲያሳዩት ጠየቀ። ለካ ዶሮውን ጥላሸት ቀብቶት ነበር! ንጹሖቹ ስለማይፈሩ ዳብሰውታል፤ እጃቸው ጠቁሯል። ሌባው ግን ፈርቶ ሳይነካው ወጥቷል፤ እጁ ንጹሕ ነው። የእኛን ሌባሻይ አስቢው። በሌባሻይ ጊዜ መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ በር ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባል ነበር። ስንቱ በከንቱ ተበድሏል። በጆን ዘዴ ግን የሚመሰክረው የሰውየው የራሱ እጅ ነው። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ አእምሮው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ለዚህ ነው ሁሌም ለተማሪዎቼ የምነግራቸው።

ሎጋሪዝምን ለማውጣት 20 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የዚያን ዘመን ሰው ጭንቀት ማባዛት ነበር። የከዋክብትን ጉዞ የሚያሰላ ሰው ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር በባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር ሲያባዛ ይውላል። አንዷን ከሳተ የሳምንት ሥራው ገደል ገባ። ጆን በ1614 ሰንጠረዡን አሳተመ። ማባዛትን ወደ መደመር፣ ማካፈልን ወደ መቀነስ የሚለውጥ ሰንጠረዥ ነው። «ሎጋሪዝም» የሚለውን ቃል ራሱ ከግሪክኛ አዋቅሮ ያወጣው እሱ ነው።

ካልኩሌተር የለመደ ልጅ ይሄ ምን እንደሚያስደንቅ ላይገባው ይችላል። ስለዚህ እጁ ይሞክረው። እኔ ዘንድ ተማሪ ሆኜ የተጠቀምኩበት የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ አለ። ጥራዙ ላልቷል፤ አንዱን ጥግ ብል በልቶታል። ገጹን ስትገልጪ ግራ ዳር ከ10 እስከ 99 ቁጥሮች ወደ ታች ተደርድረዋል። ከላይ ከ0 እስከ 9 አለ። 2.3ን በ3.7 ማባዛት ፈለግን እንበል። ጣትሽን 23 ላይ አድርገሽ 0 ሥር ያለውን ታነቢያለሽ፤ 3617 ይላል። 37 ላይ ደግሞ 5682 ይላል። ደምሪያቸው፤ 9299 ይመጣል። አሁን ሰንጠረዡ ውስጥ 9299ን ፈልጊ። 85 ትይዩ፣ 1 ሥር ታገኚዋለሽ። መልሱ 8.51 ነው። አንዲት ማባዛት አልሠራንም። እኛ ጣታችን በላብ እየራሰ፣ መስመር እንዳንስት ማስመሪያ ይዘን ነበር የምንፈልገው። ስናገኘው የጠፋ ቁልፍ እንዳገኘ ሰው ደስ ይለን ነበር።

መጽሐፉ ለንደን ሲደርስ ሄንሪ ብሪግስ የሚባል የሒሳብ መምህር አነበበው። በ1615 ክረምት ሰውየውን በዓይኑ ለማየት ኤድንበራ ድረስ ተጓዘ። ዛሬ በባቡር የሰዓታት መንገድ ነው፤ ያኔ የቀናት ነው። ሲገናኙ ሩብ ሰዓት ያህል ቃል ሳይወጣቸው ተያዩ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተመካክረው ነው ሰንጠረዡ በ10 እንዲመሠረት የተስማሙት። ልጅሽ ዛሬ የሚማረው ያንን ነው። ብሪግስ በዓመቱ ተመልሶ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳይሄድ ጆን ሞተ። ይህችን ሳነብ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

በሞተበት በ1617 አንድ ሌላ ነገርም አሳትሟል፤ የናፒየር አጥንቶች የሚባሉትን። እነሱን እኔ ከብስኩት ካርቶን እየቆረጥኩ ክፍል ውስጥ እሠራቸው ነበር። ልጅሽም ይሥራቸው። ለእያንዳንዱ አኃዝ አንድ ቀጭን ካርቶን ይቁረጥ። የ4ቱ ካርቶን ላይ ከላይ ወደ ታች 4፣ 8፣ 12፣ 16 እያለ እስከ 36 ይጻፍ። እያንዳንዱ ሣጥን ከቀኝ ላይኛው ጥግ ወደ ግራ ታችኛው ጥግ በሚወርድ ሰያፍ መስመር ለሁለት ይከፈል፤ አሥር ቤቱ ከመስመሩ በላይ፣ አንድ ቤቱ ከመስመሩ በታች። 46ን በ7 ለማባዛት የ4ቱንና የ6ቱን ካርቶን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ሰባተኛውን ሣጥን ያንብብ። በ4ቱ ላይ 2 እና 8፣ በ6ቱ ላይ 4 እና 2 አለ። መካከል ያሉት 8 እና 4 ይደመራሉ፤ 12። 2ን ይጽፋል፣ 1ዱን ወደ ግራ ያሻግራል። 322። የመርቺስተን ግንብ ዛሬም ቆሟል። ዙሪያው በስሙ የተሰየመ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከልጅሽ የማልደብቀው ነገርም አለ። ጆንም መሣሪያ አስቧል። የስፔን ንጉሥ አገሩን ይወርራል ብሎ ስለሚሰጋ በ1596 አንድ ዝርዝር ጻፈ። መርከብ በፀሐይ ጨረር የሚያቃጥል መስተዋት፣ ወታደር ተሸሽጎ የሚሄድበት ሠረገላ፣ አዲስ ዓይነት መድፍ አለበት። አገሩን ከወራሪ ለመጠበቅ ያሰበው ነው። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስወጣው የእኛ ንጉሥም ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

እንግዲህ የመቅደላው። ልጅሽ መናደዱ ትክክል ነው። ቁጣው ያረፈበት ሰው ግን ሌላ ነው። ማንን መጠየቅ እንዳለበት ይወቅ።

ሮበርት ናፒየር የተወለደው ስኮትላንድ ውስጥ አይደለም። የተወለደው ኮሎምቦ፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ ነው። በልጅነቱ ውትድርና ገብቶ መሐንዲስ ሆነ። ሕንድ ውስጥ መንገድና ቦይ ሲሠራ፣ ሲዋጋም ኖረ። በ1868 መጀመሪያ ዙላ ላይ ሲወርድ ወደ 13,000 ወታደር ነበረው። 44 ዝሆን ሳይቀር ከሕንድ አምጥቷል። ከወደቡ ወደ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል። እኛ የባቡር ከተማ ልጆች ነን። ሐዲዱ ድሬዳዋ ከመግባቱ 34 ዓመት ቀድሞ በዚህ ምድር ባቡር ለጦርነት እንደተነዳ ሳስበው ይገርመኛል። አሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነቱ የተደረገው በስቅለት ዕለት ነው። መቅደላ የተያዘችው በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ያኔ ለጠየቀኝ ልጅ ይህንንም መመለስ ነበረብኝ፤ ቴዎድሮስን ማንም አልገደለውም። እጄን አልሰጥም ብሎ በገዛ ሽጉጡ ራሱን ሠዋ።

ከዚያ ዘረፋው መጣ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዕቃ፣ የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ዘውድ፣ ሁሉም ተጋዘ። ጭነቱን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተሸከመው። ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ወጣ። 350 ያህል ብራና ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሰው። 11 ታቦታት እስከ ዛሬ እዚያው ሙዚየም አሉ። ልዑል ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ ተወሰደ። በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ። የተቀበረው ዊንድዞር ነው። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጸጉር የተመለሰልን በ2019 ነው።

ሮበርት አገሩ ሲገባ ሎርድ ተደረገ። ማዕረጉም «የመቅደላው ሎርድ ናፒየር» የሚል ነው። ይህ ይከነክነኛል። የእኛ አምባ የእሱ ስም ሆነ፤ ልጆቹም ወረሱት። በ1890 ሲሞት ለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልትም ለንደን ውስጥ አለው። ልጅሽ ይህን ሁሉ ይወቅ፤ ይናደድም። ሎጋሪዝሙን ግን ከዚህ ጋር አይደባልቅ።

ስሙ ምን ያህል እንደሚያምታታ በዚያው በ1868 ላይ ሆነሽ ዙሪያሽን ተመልከቺ። ግላስጎው ውስጥ ሮበርት ናፒየር የሚባል ሌላ ሰው በሕይወት አለ! የአንጥረኛ ልጅ ነው። በክላይድ ወንዝ ዳር የመርከብ ሞተር ይሠራል። በ1840 አትላንቲክን በቋሚ ፕሮግራም ማቋረጥ የጀመሩት የኩናርድ መርከቦች ሞተራቸው የእሱ ሥራ ነው። የሞተው በ1876 ነው። ከመቅደላ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

እዚያው ሕንድ ውስጥ ደግሞ የማድራስ ገዢ ፍራንሲስ ናፒየር ነበር፤ አሥረኛው ሎርድ ናፒየር። ይህንን ሰው ልጅሽ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1883 የአንድ ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆነ። ያኔ በሰሜን ስኮትላንድ ገበሬው የሚያርሰው መሬት የባላባት ነው። ባላባቱ ሲፈልግ ያፈናቅለዋል፤ በቦታው በግ ያሰማራበታል። ስካይ በምትባል ደሴት ገበሬዎችና ፖሊሶች በድንጋይና በዱላ እስከ መጋጨት ደረሱ። ኮሚሽኑ ያችው ደሴት ሄዶ ገበሬውን በራሱ ቋንቋ ሰማው። የመጀመሪያው መስካሪ ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፤ በመናገሬ ከመሬቴ እንዳልባረር ማረጋገጫ ስጡኝ አለ። «መሬት ላራሹ» ሲባል የሰማን ሰዎች ያ ፍርሃት ይገባናል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

የቀረው ሳሩ ነው። ለባለቤትሽ ወንድም አደራ፣ እንዳይነቅለው!

ቡላዋዮ የነበረው ኮሎኔል ናፒየር ሳሩን አልፈጠረውም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህ ሳር ለከብት መኖ ይሞከር ብሎ የእርሻ መሥሪያ ቤቱን ወተወተ። ስሙም በዚያው ቀረ። ሳሩ ራሱ የአፍሪካ ነው። ፈረንጅ ሳይሰይመው በፊት እዚሁ ሲበቅል ኖሯል። ልጁን ስሙ ካስቆጣው በሌላው ስሙ ይጥራው፤ የዝሆን ሳር ይባላል።

የሐረር ሰንጋ ምን በልቶ እንደሚሰባ ለአንቺ አልነግርሽም። ገበሬው የማሽላና የበቆሎ ችግኝ ሲያሳሳ የነቀለውን በእጁ እያጎረሰ ነው በሬውን የሚያሳድገው። ወንድሜም አወዳይ አካባቢ እንዲሁ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲያልቅበት ናፒየሩን ያጭዳል። ሲተክል አይቼዋለሁ። ሦስት አንጓ ያለው አገዳ ይቆርጣል። አዘንብሎ ሁለቱን አንጓ አፈር ውስጥ ይቀብራል፤ አንዱን ከላይ ይተዋል። ዘር የለ፣ ምን የለ። ቁመቱ አንድ ሜትር ሲደርስ ያጭደዋል፤ ደግሞ ያቆጠቁጣል። ቢያረጅ ግን አገዳው ይጠነክርና በሬው ቅጠሉን መርጦ ሌላውን ይተወዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። ኬንያ ያለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ናፒየር በበቆሎው ማሳ ዙሪያ ይተከላል። በበቆሎው መሐል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል። የአገዳ ቆርቁር የምትፈለፍለው የእሳት ራት የዴስሞዲየሙን ሽታ ትሸሻለች። የናፒየሩ ሽታ ደግሞ ይጠራታል። ሄዳ እዚያ ትጥላለች። ትሉ ተፈልፍሎ አገዳውን ሲበሳ ሳሩ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣና አብዛኛውን ይገድለዋል። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረምም ያጠፋል። በአቀንጭራ ማሽላው ለጨነገፈበት የሐረርጌ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አጎትየው የግብርና ባለሙያውን ስለ ዴስሞዲየም ዘር ይጠይቀው።

ጥያቄ

ቲቸር፣ እኔ ሳቢያን የምሠራ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። የአክስቴ ልጅ ኒውዚላንድ ሄዳለች። የምትኖርበት ከተማ ናፒየር ይባላል አለችኝ። ያ የመቅደላው ሰውዬ እዚያም ሄዶ ነበር እንዴ?

መልስ

አልሄደም፣ ልጄ። ከተማዋ የተሰየመችው በቻርልስ ጄምስ ናፒየር ነው። እሱም ጄኔራል ነው። በ1843 የዛሬዋ ፓኪስታን አካል የሆነችውን ሲንድን በጦር የያዘ ሰው ነው። ቅድም ካነሳሁት ከስድስተኛው ሎርድ ናፒየር የልጅ ልጆች አንዱ ነው። ቻርልስ ናፒየር የሚባል አድሚራል የአጎት ልጅም ነበረው። እንግሊዞችም ራሳቸው ያምታታቸዋል።

ስለ ከተማዋ ግን የአክስትህን ልጅ ጠይቃት፤ ብዙ ታወራሃለች። በየካቲት 3 ቀን 1931 በሬክተር 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራርሷታል። በከተማዋና ባካባቢው 256 ሰው ሞተ። ባሕር የነበረው መሬት ከፍ ብሎ ደረቅ ሆነ። ከዚያ ሰዉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደገና ገነባት። ሁሉንም በዚያ ዘመን ስልት ስለሠሯት ዛሬ ቱሪስት የሚሄደው ያንን ሊያይ ነው። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት እኔ ከዚራ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ከተማ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ የዚያን ከተማ ፎቶ ሳይ እንደ ሩቅ አገር አልቆጥረውም። ከላከችልህ እባክህ ለእኔም አሳየኝ።

ጥያቄ

ለክፍል ግድግዳ የሚሆን የሒሳብ ሊቃውንት ቻርት እያዘጋጀሁ ነው። ናፒየር፣ ኔፒየር፣ ናፒር፣ ናፔር፣ ሁሉንም አይቻለሁ። የትኛው ነው ልክ? መምህር ነኝ፣ ከድሬዳዋ።

መልስ

ወንድሜ፣ አትጨነቅ። ሰውየው ራሱ አልወሰነም። የቤተሰቡ ስም በዘመኑ በብዙ ዓይነት ይጻፍ ነበር፤ ኔፐር፣ ናፐር፣ ኔፔር እያለ። ዛሬ እንግሊዞች የሚጽፉበትን አጻጻፍ እሱ በሕይወቱ አልተጠቀመበትም። ልጆቹ በመጽሐፋቸው የሚያውቁት ናፒየር የሚለውን ስለሆነ እሱን ጻፍ። ከስሙ ፊት ጆን የሚለውን አትርሳ። ከሥሩም 1550 – 1617 ብለህ በትልቁ ጻፍበት፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅም እንዲታየው።